የሃምሳ አለቃው ፎቶዎች

ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ስትደርስ ሃምሳ አለቃ ተስፋልደት አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ነበሩ። ጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው አሮጌ ቤታቸው ከምሳ በኋላ ሸለብ እንዳደረጋቸው በዚያው አልነቁም። ከግርጌያቸው ከባድ የብረት ከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። የክፍሉ ብቸኛ መስኮት ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«በከሰል የታፈነ ሽማግሌ ነው» አሉ አለቃዋ በስልክ። «ክረምት በመጣ ቁጥር የምናየው ነገር። ዛሬውኑ ጨርሺው።»

ጥሩነሽ ብርድ ልብሱን እያየች ነበር። በግራም በቀኝም ፍራሹ ሥር ገብቶ በደንብ ተጠቅጥቋል። የሟቹ ግራ እጅ ግን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ሽባ ነው። አመዱን በእንጨት ገለጥ ስታደርግ ዳሩ የተጨማተረ፣ ፊቱ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ወጣ። ፎቶ ነው።

«ትንሽ ይቆዩኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሃምሳ አለቃው በድንበሩ ጦርነት የጦሩ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ቤተሰቡ ዕቃ ሲያሽግ ሰንብቷል፤ ከዕቃው ሁሉ ያጣላቸው የፎቶው ሳጥን ነው። በዚያን ቀን ቤቱን የረገጡት ሦስት ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው እዚያው ቤት የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ አማኑ ነው።

«አጎቴ ፈቅደውልኛል» አለ። «ለዐውደ ርዕይ የሚሆኑትን ትናንት አብረን መርጠናል። እነዚህ ፎቶዎች የአገር ናቸው።»

«የጠየቅኩህ ስለ ከሰሉ ነው።»

«ስለ ከሰሉ የማውቀው የለም። ሳጥኑን ግን ማንም እንዳይነካው ይጻፍልኝ።»

የሟቹ የጦር ጓደኛ ሻምበል ደምመላሽም ከሳጥኑ ወሬ አልወጡም። ምርኮኞች ፊት ቆመው የተነሱት፣ ሰው እንዲያየው የማይፈልጉት አንድ ፎቶ አለ። «አቃጥለው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ጧት ተጣልተን ወጣሁ» አሉ። «እስቲ ሳጥኑን አንዴ ልየው።»

ጥሩነሽ ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። ሬሳው ገና አልተነሳም፤ ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ሳጥን ነው።

ስለ ሳጥኑ ትንፍሽ ያላለችው የሟቹ ልጅ መምህርት ደብሪቱ ብቻ ነበረች።

«ምሳ አብልቼው፣ ማሸጊያ ገመድ ልገዛ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ሲወጡ ከሰል ነበር?»

«አልነበረም። ራሱ አስገብቶት ይሆናል፤ ብርድ አይችልም።»

«ስለ ፎቶዎቹስ ምን ይላሉ?»

«ምንም።»

ጥሩነሽ ሳጥኑን አስከፍታ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ማንደጃው በአንድ እጅ አይነሳም፤ ሞክሬዋለሁ» አለች። «ስለዚህ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። አመዱ ውስጥ ፎቶ አለ። ያስገባው ሰው ሊያሞቃቸው ሳይሆን ፎቶ ሊያቃጥል ነው የመጣው።»

አማኑ ሻምበሉ ላይ አፈጠጠ።

«እሳቸው አይደሉም። የሚፈሩት ፎቶ ሳጥኑ ውስጥ ከላይ ተቀምጧል፤ እሳቸው ቢሆኑ እሱን ትተው ሌላ አያቃጥሉም። አንተም አንዲት ፎቶ እንድትጠፋ አትፈልግም። ባዶዋን ያገኘሁት ይቺን ፖስታ ብቻ ነው። ምን ነበረባት?»

አማኑ ፖስታዋን አገላበጣት። «ነጋሽ። የአጎቴ ልጅ። ግንባር ላይ ነው የወደቀው። አጎቴ ሬሳዎቹን በተራ ፎቶ እያነሱ ሳለ እሱ ላይ ደረሱ። እሱንም አነሱት።»

«ለዐውደ ርዕዩ ተመርጦ ነበር?»

«መግቢያው ላይ ትልቅ አድርጌ ልሰቅለው ነበር።»

ጥሩነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በአንድ እጅ ብርድ ልብስ በሁለቱም ጎን አይጠቀጠቅም። ሊገድል የመጣ ሰው ደግሞ አያለብስም። መምህርት፣ ያለበሷቸው እርስዎ ነዎት።»

ደብሪቱ ዓይኖቿን ከመሬት አላነሳችም።

«ወንድሜን በር ላይ ሊሰቅሉት ነው» አለች። «አባቴን ለመንኩት፤ ይሄ ሥራዬ ነው አለኝ። ውጭ ዝናብ ነው፣ ኩሽናው የጋራ ነው። ሲተኛ ማንደጃውን አስገባሁት። ጭሱ እንዳይታይብኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ስጨርስ ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ይሙቀው ብዬ ተውኩለት።»

ሻምበሉ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አማኑ ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ ትናንትና ሁሉንም ኮፒ አድርጌያቸዋለሁ። እዚህ አሉ።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «የነጋሽን አሁኑኑ ላጥፋው?»

«አጥፋልኝ።»

ጥሩነሽ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችው። መቀበሉን ጠልታዋለች፤ ግን ምርጫ አልነበራትም።

«አይቻልም። አሁን ማስረጃ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ያየዋል፤ ዳኞቹም። ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል።»

ደብሪቱ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«ስንት ሰው ያየዋል?» ብላ ጠየቀች።

ጥሩነሽ ስልኩን በማስረጃ ከረጢት አሸገችው።