ሁለተኛው ፊሽካ

የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ከሲሚንቶው ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። የራስ ቅሉ ከመጨረሻው እርከን ጠርዝ ጋር ተላትሞ ደሙ እስከ ግቢው አሸዋ ወርዷል። ደረጃው ግራና ቀኙ በግድግዳ የታጠረ ነው፤ ከላይ የሚወርድ ሰው መውጫው በግቢው በኩል ብቻ ነው። ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ የሬሳውን ራስ ቀና አድርጋ አንገቱን አየች። ከማጅራቱ ላይ ቀጭን ቀይ ሰንበር ተጋድሟል።

ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። ትንሽ ናት፤ ቀጭን ናት፤ የገባችበትን ነገር ደግሞ ሳታደማ አትለቅም። ስሙን ሰምታዋለች፤ አልከፋትም።

«ብዙም አያደክምዎትም፣ ኢንስፔክተር» አለ ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ። «ገዳይዋ ተይዛለች።»

ሱፉ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ቅቤ የጠጣ ሰው ነው።

«ማን ናት?»

«የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ባለጌ! ስትጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ስትመከር ጆሮ ዳባ ልበስ። ትናንት ሟቹ ትባረርልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዛሬ ተበቀለችው።»

«ስትገፋው ያየ አለ?»

«የእረፍት ሰዓት ነበር፤ ግቢው ሙሉ ተማሪ ነው። ግን ማንም አላየም። ድንጋይ ሆነው ነበር።»

«ምን ሆነው?»

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ ግድግዳውን አሳያት። በቀይ ቀለም የተጻፈ ደንብ ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ከሌሎቹ ይገዝፋል። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ አፍ ይዘጋል፤ ዓይን መሬት ያያል። ሁለተኛው ፊሽካ እስኪነፋ የሚንቀሳቀስ የለም። ተማሪዎቹ ይህን «ድንጋይ» ይሉታል።

«የእኔ ፈጠራ ነው» አለ። «መምህራኑ እንኳ ይቆማሉ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ?» ሳቀ። «እኔን ደግሞ ማን ያስቆመኛል?»

የሆነው ይህ ነው። ከደረጃው በኩል ፊሽካ ተነፋ፤ ግቢው ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ሁለተኛው ፊሽካ ግን ሳይነፋ ቀረ። ፀሐይ አናታቸውን እየቀቀለው ቆሙ። አንዱ ትንሽ ልጅ ነስሮት ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ እጁን አንስቶ አልጠረገም። ከሁሉም የተንቀሳቀሰችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ወደ ደረጃው ሄደች፤ ጮኸች፤ የበሩ ጥበቃ ሮጦ ከሬሳው አጠገብ ያዛት።

መርፌ ደንቡን አንብባ ጨረሰች። ሰው ሞቶ ግቢ ሙሉ ልጅ ቀና ብሎ ማየት የፈራበትን ቦታ ትምህርት ቤት ብሎ ለመጥራት ምላሷ እንቢ አላት።

ልጅቷን የዘጉባት አሮጌ ወንበር በተቆለለበት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ እናትየው መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማለች፤ የዚሁ ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ናት።

«የኔ እመቤት» አለች የመርፌን እጅ ይዛ፤ «አመሏ ተበላሽቷል፤ አልዋሽሽም። ከሁለት ወር ወዲህ ስጠራት ዞር አትልም፤ ንቃኛለች። ነፍስ ግን አታጠፋም! የኔ ልጅ ዝንብ አትገድልም!»

መርፌ ገባች። ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ» አለች መርፌ። መልስ የለም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አሁንም መልስ የለም።

«አዩልኝ ንቀቷን?» አለ ተከትሏት የገባው ጥበቃ።

መርፌ ከልጅቷ ጀርባ ቆማ እጇን ጯ አድርጋ አጨበጨበች። ጥበቃው ደነገጠ። የልጅቷ ትከሻ ንቅንቅ አላለም። መርፌ ዞራ ከፊት ለፊቷ ስትቀመጥ የልጅቷ ዓይን ከንፈሯ ላይ ተተከለ።

«ፊሽካውን ሰማሽው?» አለቻት ቀስ ብላ።

«የምን ፊሽካ፣ እትዬ?» ልጅቷ እንባዋ መጣ። «ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብዬ ውሃ እጠጣ ነበር። ቀና ስል ሁሉም ቆመዋል። መቼ እንደቆሙ አላወቅኩም። እንዳልቀጣ ኃላፊውን ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ ደረጃው ሄድኩ። እሳቸው ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆሙት። ወድቀው አገኘኋቸው።»

«ጆሮሽን ማን ነው የመታሽ?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ሁለት መዳፏን አንስታ ሁለቱን ጆሮዎቿን በአንድ ጊዜ ያዘች፤ እንዴት እንደተመታች ማሳየቷ ነበር። ስም ግን አልወጣትም።

«እናቴ እዚህ ነው የምትሠራው» አለች ብቻ።

መርፌ ስትወጣ ጥበቃውን ያዘችው። «ኪሷን ፈትሸሃል?»

«ፈትሻለሁ። ባዶዋን ናት።»

«የሟቹ ፊሽካስ የታል?»

«አንገቱ ላይ ነዋ! ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለኝም።»

«የለም» አለች መርፌ። «ሰንበሩ ብቻ ነው የቀረው።»

በግቢው ውስጥ ሌላ ፊሽካ ያለው የስፖርት መምህሩ ነው። ከሟቹ ጋር ባለፈው ሳምንት አፍ ላፍ ገጥመው እንደተጣሉም ሁሉም ያወራል። ኳስ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አገኘችው።

«ተጣልተን ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ልጆቹን አታንበርክክ ስለው። ትናንት ግን ራሱ መጣ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ‹የልጅቷን ጆሮ የመታሁት እኔ ነኝ ብለህ እመን ተባልኩ። ብዙ ጥፋት አለብኝ፤ ይሄኛው ግን የእኔ አይደለም። ነገ ለእናቷ እውነቱን እነግራታለሁ› አለኝ።»

«እመን ያለው ማን ነው?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።» አንገቱን ደፋ። «ፈራሁ፣ ኢንስፔክተር። ዛሬም ፊሽካው ሲነፋ ሜዳው ጥግ ላይ ነበርኩ። የልጆች አባት ሆኜ እንደ ልጅ መሬት መሬት ሳይ ቆምኩ።»

መርፌ ከዚያ በኋላ ከደረጃው አጠገብ የነበሩትን ተማሪዎች አንድ በአንድ አስጠራች።

«ማንን አየሽ?» አለቻት የመጀመሪያዋን።

«ማንንም።» ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች ናት። ዓይኗ የመርፌ እግር ላይ ቀርቷል። «የግራው ተረከዝዎ ተበልቷል» አለች ድንገት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅርታ!»

መርፌ ጫማዋን አየች፤ እውነት ነው። ቀስ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ቀረ።

«እንደሱ ነው የምታውቁን፣ አይደል? በጫማ።»

«ቀና አንልማ፣ እትዬ። ለሁሉም ጫማ ስም አውጥተናል። የስፖርቱ ‹ጎማው›፣ የጥበቃው ‹ሸክም›፣ የሟቹ ‹ታንክ›።»

መርፌ ሌላ ጥያቄ ጠየቀች። ልጅቷ በአንድ ቃል መለሰች። ቀጣዩም፣ ከእሱ ቀጥሎ የገባውም ያንኑ ቃል ተናገሩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዛሬው ውሸት ግን ማደርም አላስፈለገው። ከዚያ ርዕሰ መምህሩን ከቀበቶው አንድ ቁልፍ ጠይቃ ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ተማሪዎቹ በሰልፍ ቆሙ፤ መምህራኑ፣ ጥበቃው፣ ልጅቷና እናቷ ከፊት ሆኑ። ርዕሰ መምህሩ ብብቱ ሥር እጁን ከትቶ ከደረጃው አፍ ላይ ቆመ።

«ሁላችሁም የነገራችሁኝ አንድ ነው» ብላ ጀመረች መርፌ። «ኃላፊው ፊሽካ ነፋ፤ ከዚያ ተገፋ፤ ሞተ። እንዲህ ከሆነ ፊሽካው አንገቱ ላይ መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። ተመንጭቆ ተወስዷል። ልጅቷ እዚያው ተይዛ ስትፈተሽ ኪሷም እጇም ባዶ ነው። ታዲያ ፊሽካውን ማን ወሰደው?»

«ጥላው ይሆናል» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ደረጃውንም ግቢውንም አስፈትሻለሁ። የለም። ነገሩን ከጭራው ይዘነው ነበር። ኃላፊው መጀመሪያ ሞተ፤ ፊሽካው ከዚያ በኋላ ተነፋ። የነፋው ገዳዩ ነው። ከደረጃው መውጫው በዚህ በተማሪ በተሞላ ግቢ ብቻ ነው። እና ፊሽካውን ነፋ፤ ዓይን ሁሉ መሬት ወረደ፤ በመሐላቸው አልፎ ሄደ። ሁለተኛውን ፊሽካ ያልነፋውም ለዚህ ነው። ከሌላ ቦታ ቢነፋ የት እንደደረሰ ይታወቅበታል።»

«መላምት ነው!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «እሷ ብቻ ናት የተንቀሳቀሰችው!»

«የተንቀሳቀሰችው ስላልሰማች ነው።» መርፌ ወደ እናትየው ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጅሽ አልናቀችሽም፣ እህቴ። አትሰማሽም። ሁለት ጆሮዋን በአንድ ጊዜ መትተው አደንቁረዋታል። ከዚያ ስትጠራ ዞር አላለችም ብለው ደግመው ቀጧት።»

መጥረጊያው ከእናትየው እጅ ወደቀ። ልጇን አቀፈቻት፤ «እኔም ሰደብኩሽ! እኔም ሰደብኩሽ!» እያለች አለቀሰች። ልጅቷ የእናቷን ከንፈር ለማየት ፊቷን ቀና አደረገች።

መርፌ የስፖርት መምህሩን ፊሽካ ተቀብላ ነፋች።

ግቢው ድንጋይ ሆነ። የመምህራኑ አንገት እንኳ ሳያስቡት ተደፋ። ቀና ብለው የቀሩት የማትሰማዋ ልጅና ርዕሰ መምህሩ ናቸው።

«ይኸው» አለች መርፌ። «እርስዎ አንድም ቀን አንገትዎን ደፍተው እዚህ ቆመው አያውቁም። ስለዚህ መሬት የሚያይ ሰው ምን እንደሚያይ አያውቁም። ልጆች! ጠዋት ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ከደረጃው ወጥቶ ወደ ቢሮ ያለፈው ጫማ የትኛው ነው?»

 መልሱ ከአንዱ ሰልፍ፣ ከሌላው፣ ከሁሉም ወጣ።

«መስታወት!»

ዓይን ሁሉ አንድ ቦታ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ሰማይ የሚታይበት ጫማ አንድ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሳያውቀው አንዱን እግሩን ከሌላው ኋላ ደበቀ።

«የልጅ ወሬ! በልጅ ወሬ ሰው ሊከሰስ ነው?»

«ከተማሪ የሚነጠቀው ስልክና ኳስ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቁልፉ አንድ ነው አሉኝ፤ በእርስዎ ቀበቶ ላይ። ጠዋት ሲሰጡኝ ምን ልፈልግ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። ከተነጠቀ ዕቃ መሐል አንድ ፊሽካ ማን ይለየዋል ብለው ነው።» ከኪሷ ላስቲክ አወጣች። ውስጡ ገመዱ የተበጠሰ ፊሽካ አለ፤ ገመዱ ላይ ደም ደርቋል። «ጆሮዋን የመቱት እርስዎ ነዎት። ጥፋቱን በሟቹ ሊያላክኩ ፈለጉ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ፊሽካ ሲነፋልዎ ኖሮ አንድ ቀን እንቢ አለ። ለዚያች አንድ ቀን ገደሉት። ከዚያ ዓይንዎን በጨው አጥበው ይችኑ ልጅ ገዳይ አሏት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!»

«እኔ ነኝ እነዚህን ሰው ያደረግኋቸው!» ጮኸ። የቅቤው ድምፅ ተሰነጠቀ። «እኔ ባልኖር አውሬ ነበሩ! ልገፋው አላሰብኩም፤ አፉን እንዲዘጋ ነው ያልኩት!»

ከመርፌ ጋር የመጡት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት። መርፌ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«በቃ፤ ቀና በሉ።»

የተንቀሳቀሰ የለም። ፊሽካውን ነው የሚጠብቁት። መርፌ እጇ ላይ ያለውን ፊሽካ አየች። ለስፖርት መምህሩ መለሰችለት።

«ሁለተኛው አይነፋም» አለች። «ከእንግዲህ አይነፋም። ቀና በሉ ብያለሁ!»

አሁንም ማንም አልደፈረም። ያኔ ልጅቷ ከእናቷ እቅፍ ወጥታ ወደ ፊተኛው ሰልፍ ሄደች። ጠዋት የነሰረው ትንሽ ልጅ ፊት ቆመች፤ ሸሚዙ ላይ ደሙ ደርቋል። አገጩን በጣቶቿ ይዛ ቀስ ብላ ቀና አደረገችው። ከጎኑ ያለው ያንን አይቶ ቀና አለ፤ ከዚያ የሚቀጥለው።

ርዕሰ መምህሩ በመሐላቸው ተመርቶ ወጣ። ጫማው ያበራ ነበር፤ ያየው ግን የለም። ልጆቹ ሁሉ ፊቱን ነበር የሚያዩት።