ያልተነቀነቀው ድንጋይ

ጋሼ ካሣዬ ታርኔት በሚባለው ሠፈር ባለው ቤታቸው፣ ከዓሣ ገንዳቸው ሥር በጀርባቸው ወድቀው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው። ያገኘቻቸው በሳምንት ሁለቴ፣ ሰኞና ረቡዕ፣ እየመጣች የምታግዛቸው ዓያንቱ ነበረች። ማጅራታቸው ከገንዳው ማስቀመጫ ማዕዘን ጋር ተጋጭቶ ተፈንክቷል። ኤሲው ክፍሉን እንደ ሥጋ ቤት ፍሪጅ አቀዝቅዞት ስለቆየ፣ ሐኪሙ መቼ እንደሞቱ ቆርጦ መናገር አልቻለም።

መርማሪ የሺሃረግ ስትደርስ የሟቹ የወንድም ልጅ ዳምጤ በረንዳ ላይ ተዘርፍጦ በርገር ይገምጣል። አስከሬኑ ገና አልወጣም። ሴትዮዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ እንዲህ ጣቱን የሚልስ ግን አልገጠማትም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«እሑድ ማታ፣ እትዬ የሺ። ደኅና ነበሩ። እንደ ልማዳቸው ያን የገንዳውን ውሃ የሚያጣራ ድንጋይ ሲነቀንቁ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»

«ሲነቀንቁት ውሃው ምን ሆነ?»

«እንደ መስታወት! ምንም አላለም።»

«ከዚያስ?»

«ቀጥታ ወደ ሥራዬ፣ ሰንሻይን ሠፈር ያለው ዌርሃውስ። ናይት ሺፍት ነበረኝ፤ እስኪነጋ ሠላሳ ሰው አይቶኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከእኔ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላት ዓያንቱ ናት። ዛሬ ሰው አይታመንም።»

ዓያንቱ ወጥ ቤት ቆማ ትጠብቃለች።

«ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ሼፐርተን ከተማ ነበርኩ፤ እህቴ ወልዳ። ትናንት ማታ ተመለስኩ፣ ዛሬ ስገባ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። እትዬ፣ ስሜ በዚህ ከተነካ ማን ሥራ ይሰጠኛል? ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?»

ሦስተኛው ተጠያቂ ከሴንት አልባንስ ሠፈር የመጡት የሟቹ ወዳጅ ጋሼ አዛርያስ ናቸው፤ እንደ ሟቹ ኮራል የተባለውን የባሕር ፍጥረትና ዓሣ በገንዳ ያረባሉ። የሺሃረግ ከገንዳው ሥር ያለውን፣ ድንጋይ የሞላበትን ባለእጀታ ቱቦ አሳየቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ዚዮላይት ይባላል፣ የተፈጥሮ ማዕድን ነው። የውሃውን ቆሻሻ ይስባል። ግን በየጠዋቱ እጀታውን ይዘህ ካልነቀነቅኸው አተላ ይጋግርበታል። ካሣዬ ጸሎቱን ቢረሳ እንኳ ይሄን አይረሳም።»

«በየቀኑ ሲነቀነቅ ውሃው ምን ይመስላል?»

«እንደ ቀጭን ሻይ ይደፈርስና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠራል። ሳይደፈርስ ቀርቶ አያውቅም።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያወሯቸው መቼ ነው?»

«ረቡዕ ማታ በስልክ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ዓርብ ደወልኩ፣ አላነሳም። ተቀየመኝ ብዬ ተውኩት።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ከተነሣ ወዲያ፣ የሺሃረግ ሦስቱንም ገንዳው ፊት አቆመች።

«ዳምጤ፣ እሑድ አይተሃልና ንቅነቃውን አሳየን።»

እየሳቀ እጀታውን ሳበ። አልነቃነቅ አለው። በሁለት እጁ ሲጎትተው ድንጋዩ ተላቀቀና ቡናማ አተላ ቡልቅ ብሎ ወጣ። የገማ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ልጋጉ በዳምጤ ጣቶች መካከል ተንዠረገገ። ዓያንቱ አፏን ይዛ ዞረች።

«ጋሼ አዛርያስ፣ ይሄ የስንት ቀን ነው?»

«ኧረ አራት ቀንም ያልፈዋል!»

«እንግዲህ ልብ በሉ። ጋሼ ካሣዬ ረቡዕ ማታ በስልክ አውርተዋል። ከሐሙስ ጠዋት ወዲህ ግን ድንጋዩን የነካው የለም፤ ዓርብም ስልክ አላነሡም። ስለዚህ የሞቱት ሐሙስ ነው። ሐሙስ ዓያንቱ ሼፐርተን አራስ ቤት ነበረች። ታዲያ የሞተ ሰው እሑድ ማታ ድንጋይ ሲነቀንቅ ያየው ማነው? ያውም በጠዋት የሚሠራውን፣ ያውም ውሃው ሳይደፈርስ? ይሄን ውሸት የሚፈልገው ለእሑድ ሌሊት ሠላሳ ምስክር ያዘጋጀ ሰው ብቻ ነው። ኤሲውም የተከፈተው የሞቱበት ቀን እንዳይታወቅ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ግን የጠራው ውሃው ሲደፈርስ ነው።

«አልገደልኩትም» አለ ዳምጤ። «ኬር ሆም፣ የሽማግሌ መጦሪያ ግባ፣ ቤቱን ልቀቅልኝ ብለው እምቢ አለኝ። ገፋ አደረግኩት፣ በቃ። ስወጣ እኮ ይተነፍስ ነበር!»

«ይተነፍስ ነበር?» ጋሼ አዛርያስ ግድግዳውን ተደገፉ።

«እየተነፈሱ ኤሲውን ከፍተህባቸው ወጣህ» አለች የሺሃረግ። ተጸየፈችው፤ ፊቱን ላለማየት ወደ ዓያንቱ ዞረች። «አንቺ ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል። ስምሽን የሚያነሣ የለም።»

ዳምጤ የሚንጠባጠብ እጁን ከሸሚዙ አርቆ ዘረጋ።

«እሺ፣ እጄን ልታጠብ።»

«ሐሙስ ዕለት ከደማቸው እጅህን ስትታጠብ ማንንም አላስፈቀድክም» አለችው፤ ካቴናውንም በልጋጉ ላይ ቆለፈችው።