ዜሮ ብለን የጻፍነው ጠብ

በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ድሬ ጠያራ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አራት ሰዎች ነበርን፤ ሊቀመንበሩ አቶ ሐምዛ፣ ከሐረር የመጣው ባለሙያ ሽፈራው፣ የውኃ ጉድጓዱን የሚጠብቁት ወይዘሮ ናፊያና እኔ። እኔ የተጠራሁት ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው።

ሽፈራው ሁለት ዓምድ ያለው ቅጽ ሰጠኝ። በአንዱ የሳምንቱ ዝናብ፣ በሌላው በውኃ ምክንያት የተነሣ ጠብ ይሞላል።

«ዝናብ ሲጠፋ ጠብ በስንት እንደሚጨምር እንለካለን» አለ። «አገር መናጋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጠብ ወደበዛበት ቀበሌ የውኃ ቦቴ ቶሎ ይላካል።»

እሱ እንደወጣ ወይዘሮ ናፊያ፣ «ትናንት ወረፋ ላይ ሁለት ሰዎች በዱላ ተማትተዋል፤ ጻፈው» አሉኝ።

አቶ ሐምዛ ሳቁ። «አዴ ናፊያ፣ ቀበሌያችንን የሽፍታ አገር ልታስመስዪው ነው? ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፤ አለቀ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ዜሮ በል!»

«ሽማግሌው ውኃ አመጣላቸው?»

«አስተግፊሩላህ! የምላስሽን ያህል ቢዘንብ ኖሮ ጎርፍ ይወስደን ነበር።»

ዜሮ ጻፍኩ። «አይሆንም» ለማለት አፈርኩ። ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ጥርስ የሰበረው ድንጋይ፣ ዜሮ። የተቀደደው ጀሪካን፣ ዜሮ። ከጎረቤት ቀበሌ ጋር የተማዘዝነው ገጀራ፣ ዜሮ።

መስከረም ላይ የወይዘሮ ናፊያ ባል ዑስማን ወረፋ ላይ የተጣሉትን ሊገላግል ገብቶ ዓይኑን በድንጋይ ተመታ።

በማግሥቱ ሽፈራው ወሬው ደርሶት መጣ። «ቅጻችሁ ሰላም ነው ይላል!» ብሎ ጮኸ። «ቦቴው ሌላ ቦታ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው!»

«አንተስ?» አሉ ወይዘሮ ናፊያ። «ሐረር ሩቅ ነው? አንድ ቀን ጉድጓዱ ድረስ ብትመጣ ምን ነበረበት? ወረቀት ብቻ ነው የምትለኩት?»

አቶ ሐምዛ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ጨመቁት።

«እንደገና ጻፍ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አዴ ናፊያ ትንገርህ። አንዱንም እንዳትተው።»

ወይዘሮ ናፊያ ሃያ ሦስት ጠብ ከነቀኑ ነገሩኝ። ሁሉንም ጻፍኩ።

«የቀበሌያችን ስም እንዳይጠፋ» እያላችሁ ዜሮ የምትሞሉ ሁሉ፣ ስሙኝ! ገበና አልሸፈናችሁም። እርዳታ የሚመጣበትን መንገድ ዘጋችሁ እንጂ። እኔም አብሬ ዘግቻለሁ፤ እስክሪብቶው በእጄ ነበር።

ቦቴው በስድስተኛው ቀን መጣ። የዑስማን የግራ ዓይን ጠፍቷል።