መልሱን ሳይሰማ የሄደው ሰው

አትማን ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። እኔ ሩቂያ፣ ሞምባሳ ውስጥ የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ዳታቤዝ ጠባቂ ነበርኩ። የመንገደኛው ስም፣ የወንበሩ ቁጥርና የመነሻው ሰዓት በሙሉ እኔ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። መረጃውን በቀጥታ የሚነካ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ሌላው ሰው የሚፈልገውን ለማግኘት ዳታቤዙ ውስጥ ከጻፍኳቸው አጫጭር ፕሮግራሞች አንዱን በስሙ ይጠራል። ፕሮሲጀር እንላቸዋለን። የተጠራው ፕሮሲጀር ሥራውን ሠርቶ መልስ ይሰጣል። ምሳዬን ብቻዬን ነበር የምበላው። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ይህቺ ልጅ ኮምፒውተሩን ልታገባ ነው» ትል ነበር።

ከዚያ ላሙ ከምትባለው ከተማ አትማን መጣ። ሰው በስልኩ ወንበር የሚይዝበትን አፕ እንዲሠራ እስከ መውሊድ ድረስ ተቀጥሮ ነው። ከመውሊድ በኋላ ዳሬሰላም ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ክፍሌ እንደገባ እግሩ በማራገቢያዬ ገመድ ተጠለፈና ሻዬን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ይቅርታ እህቴ! ... የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ትሰጪኛለሽ?»

«የደፋኸው ሻይ ሳይደርቅ?»

«እኔ ልጥረገው፣ አንቺ የይለፍ ቃሉን ፈልጊ።»

«አልሰጥም። የምትፈልገውን ንገረኝ፣ ፕሮሲጀር እጽፍልሃለሁ። ከአፕህ ውስጥ ትጠራዋለህ።»

«እንደ ሱቅ፣ በመስኮት?»

«እንደ ሱቅ፣ በመስኮት! እጅህን ወደ መደርደሪያው አትሰድም።»

ሳቀ። ሲስቅ ግራ ጉንጩ ይሰረጎዳል። ቀኙንም አየሁት፤ እሱ አይሰረጎድም።

ወንበር የሚይዝ ፕሮሲጀር ጻፍኩለት። እሱም በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ትኩስ ድንች ከነኮምጣጣ ማባያው ይዞ መምጣት ጀመረ።

«ባለ መስኮቷ፣ ብዪ እንጂ!»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ድንቹም ሥራ ላይ ነው... እየቀዘቀዘ!»

ብቻዬን መብላት በዚያው ቀረ።

አንድ ሐሙስ ወደ ሰፈሬ ወደ ሊኮኒ የሚያሻግረው ጀልባ ድረስ ሸኘኝ። በመሳፈሪያው ግርግር መሐል ድንገት ቆመ።

«ሩቂያ... ሽማግሌ ልላክ? እሺ ካልሽኝ ዳሬሰላም አልሄድም።»

ልቤ ዘለለ! እኔ ግን ነገር የማመዛዝን ሰው ነኝ። አባቴ ምን ይላሉ? የምንኖረው ላሙ ነው ወይስ እዚህ? በቅደም ተከተል ማሰብ ጀመርኩ። ጨርሼ አፌን ስከፍት ጀልባው ጮኸ።

«ገባኝ» አለ። «ዝምታሽ ገባኝ... ደህና ሁኚ።»

«አትማን!» ብዬ ተጣራሁ። ሕዝቡ እኔን ወደ ጀልባው ገፋኝ፤ እሱን ዋጠው።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮዬ በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ሩቂያ።»

አደሩ! ከ«ባለ መስኮቷ» ወደ አንቱታ በአንድ ሌሊት! እልህ ያዘኝ።

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?»

ቅዳሜ፣ ላሙ ላይ ለሚከበረው መውሊድ የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሡበት ቀን ነበር። ሁላችን «ምዜ»፣ አባባ እንደማለት፣ የምንላቸው የጣቢያው ኃላፊ ምዜ ኮምቦ ስልክ ደወሉልኝ።

«ሩቂያ፣ ያንን ልጅ ይዘሽ ቶሎ ነዪ! አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው!»

ስንደርስ አንዲት አሮጊት የሐልዋ ጣፋጫቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አንድ ወፍራም ዓሣ ነጋዴ ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ስልኩን ያወዛውዛል።

«እናቴ፣ ይዩት፣ አረንጓዴ ነው! ‹ተይዟል› ይላል!»

«የእኔስ ቀይ ነው እንዴ? ደግሞ አንተ አንድ ወንበር ይበቃሃል?»

ከኋላቸው እንደነሱ የሚከራከሩ ሌሎችም ነበሩ። አትማን ወደ እኔ ዞረ።

«ፕሮሲጀርዎ አንድን ወንበር ለሁለት ሰው ሰጥቷል።»

«የእኔ ፕሮሲጀር?» ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ይመልከቱ። በዚህ ወንበር ላይ ያለው አንድ ስም ነው፣ የእናታችን። ሌላ የለም።»

«ታዲያ ሰውየው እንዴት አረንጓዴ አየ?»

«ኮድዎን ያሳዩኝ።»

ከቲኬት መቁረጫው ጀርባ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መስመር በመስመር አነበብኩት። ኮዱ ፕሮሲጀሬን ይጠራል። ቀጣዩ መስመር ደግሞ ወዲያው «ተይዟል» ይላል።

«መልሱስ?»

«የምን መልስ?»

«ፕሮሲጀሩ ይመልሳል እኮ! ዜሮ ካለ ወንበሩ ተይዞልሃል። አንድ ካለ ሌላ ሰው ቀድሞሃል። ስትሞክረው ወንበሩ ሁሉ ባዶ ስለነበር አልታወቀህም። አንተ ጠርተኸው መልሱን ሳትሰማ ትሄዳለህ!»

አንቱታውን ትቼ «አንተ» እንዳልኩት ልብ ያልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሱ ግን ሌላ ነገር ልብ ብሎ ነበር። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ሩቂያ... ሐሙስ ዕለት መልስ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ምን?»

«መጀመሪያ መንገደኛውን አሳፍር!»

ጣቶቹ እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። መልሱን ተቀብሎ የሚያጣራ መስመር ጨመረ። እኔም አፑ አረንጓዴ ካሳያቸው ሰዎች መካከል ስማቸው እኔ ዘንድ የሌለውን ለየሁ። ምዜ ኮምቦ ተጨማሪ አውቶቡስ አስወጡ። ዓሣ ነጋዴው የፊት ወንበር ደርሶት እየዘፈነ ሄደ።

የመጨረሻው አውቶቡስ ከግቢው ሲወጣ አትማን ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

ብሎ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ላብ ከግንባሩ ወደ አገጩ ወረደ። አልሄደም!

የምዜ ኮምቦ ትዕግሥት አለቀ። «አንተ! የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። እናትህ አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች፣ ምዜ። እኔ ግን ከአፏ ልስማው።»

«ላካቸው» አልኩት። «ግን የምንኖረው እዚሁ ሞምባሳ ነው።»

«እሺ!»

«ሳታስብበት?»

«ከሐሙስ ጀምሮ ከማሰብ ሌላ ምን ሠራሁ!»

ምዜ ኮምቦ እየሳቁ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

ዳሬሰላም ያሉት ሌላ ሰው ቀጠሩ። ኒካችን የታሰረው በትልቁ ዝናብ ወራት፣ አርብ ቀን ነው። ድንኳኑ ውሃ አቁሮ የቢሪያኒው ሩዝ ላይ ሊወድቅ ሲል የአትማን አጎቶች በጀልባ መቅዘፊያ ደግፈው አቆሙት። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ጨፈሩ። እኔም ጨፈርኩ። የዚያን ቀን ሞምባሳ ላይ የተለካው ዝናብ ሰማንያ ሦስት ሚሊሜትር ነበር።