የጆሊን ቅዳሜዎች

«ሰኞ የሚመሰክርልኝ ኮርቢን ነው» አለ የጆሊን አባት ዱዌይን፤ ጆሊን ቅር አላት።

ኮርቢን የእንጀራ እናቷ ልጅ ነው፤ እንደሷው አሥራ አራት ዓመቱ። እሱ ከአባቷ ጋር ይኖራል፣ እሷ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ዱዌይን በወታደርነቱ ኢራቅ ውስጥ ፈንጂ አጠገቡ ከፈነዳ ወዲህ ራስ ምታቱ ሲነሳበት መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል፤ ሲያስመልሰው ባልዲ የሚይዝለት ኮርቢን ነው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን «ሕመሙ ያን ያህል አይከብድም» ብሎ ዝቅተኛ የጉዳት መጠንና ትንሽ አበል ወሰነለት። ይግባኙ ሰኞ በቪዲዮ ይሰማል። ከተረታ፣ እያመመውም ቢሆን ወደ ጎማ ጥገናው መመለሱ ነው።

«እኔስ ልጅህ አይደለሁም?»

«አንቺ እኮ ሲያመው አይተሽ አታውቂም» አለ ኮርቢን። «ቅዳሜማ አንበሳ ነው። እሑድ ነው ጉዱ።»

ይኼ ደግሞ ባሰባት። በባልዲ ይቀናል ወይ ብትሉ፣ ጆሊን ቀናች።

ምስክሩን ሊያዘጋጁ ቤቱ የመጡት ጠበቃው ወይዘሮ ቫልዴዝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ችግራችን ሌላ ነው። ውሳኔው ‹በየቅዳሜው የሴት ልጁን የሶፍትቦል ግጥሚያ በፀሐይ ቁጭ ብሎ ያያል› ይላል። ማነው እንዲህ ያላቸው?»

«እኔ ነኛ» አለ ዱዌይን አንገቱን ደፍቶ። «ለሐኪሙ። አንድም አላመለጠኝም ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።»

አላመለጠውም? በየግጥሚያው መሀል «ስልክ ላናግር» ብሎ ወደ መኪናው ይሄዳል፤ ሲመለስ ጨዋታው አልቋል። ከኮርቢን ጋር እያወራ ነው ብላ ስንቴ ተቃጥላለች! አንድ ቀን ልታፋጥጠው ሄዳ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ ተጋድሞ አገኘችው። እንቅልፉን ነው ብላ ይብስ ተናዳ ተመለሰች።

«አባዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማን አሸነፈ?»

ዱዌይን ኮርቢንን አየው። ኮርቢን ጣሪያውን አየ።

«እናንተ ናችኋ።»

«ተሸንፈናል።»

ከኮርቢን የምትበልጥበት ነገር ቢኖር ቅዳሜዎቿ ብቻ ነበሩ። ጆሊን ወንበር ስባ ወይዘሮ ቫልዴዝ አጠገብ ተቀመጠች።

«የኔንም ስም ይጻፉት።»

«ምን ብለሽ ልትመሰክሪ፣ የኔ ልጅ?»

«ጨዋታዬን አያይም ነበር፣ ራሱን እያመመው መኪናው ውስጥ ፊቱን ሸፍኖ ይተኛ ነበር እላለሁ» አለች፣ አባቷን ሳታይ።