ሻርክ የነከሰው ክንፍ

ቅዱስ ሚካኤልን! ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ያላመነ አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ሊልበርን ድረስ ሄዶ የወይዘሮ አበዛሽን ቢላ ይጠይቅ።

«ሲና፣ ቀስ! ሃያ አምስት ሚሊዮን ዓመት ነው የያዝሽው!» አለ ምስጋና።

የክፍል ጓደኛው ሲና ትንሿን አጥንት ጥጥ ላይ አስተኛቻት። የሳይንስ ውድድሩ ነገ ጠዋት ነው፤ የነምስጋና ሳሎን በካርቶንና በማርከር ተሞልቷል።

ነገሩ የጀመረው በቀልድ ነበር። መምህራቸው ቻርልስተን ኤርፖርት ሲቆፈር ስለተገኘው፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከስድስት ሜትር ስለሚበልጠው የጥንት የባሕር ወፍ ሲያወሩ ምስጋና አፉን መግታት አቃተው። «እኔ እኮ የጫጩቱን ክንፍ አግኝቻለሁ! ከሃሪኬን ኢርማ በኋላ ታይቢ ቢች ሄደን፣ ማዕበሉ አሸዋውን ገልብጦት!» ታይቢ መሄዱስ እውነት ነው። አጥንቱ ግን ከዶሮ ወጥ ድስት ወጥቶ ሦስት ቀን ሻይ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነው።

ሲና አመነችው። ወፉ ክንፉን ሳያራግብ በባሕር ነፋስ ብቻ እንዴት ይንሳፈፍ እንደነበር ላሳይ ብላ በየጠዋቱ አውቶቡስ እስኪመጣ የታይቢን የባሕር አየር ትንበያ መዘገበች። አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ አንድም ሳትዘል። ትኩሳት የያዛት ቀን እንኳ «ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ማዕበል አምስት ጫማ፣ እኔ መቶ ሁለት ዲግሪ ፋራናይት» ብላ ጽፋለች። አጥንቱ ላይ ያሉትን ሦስት ጭረቶችም ለክታ፣ ካርቶኑ ላይ በቀይ «የጥንት ሻርክ ጥርስ» ብላለች።

እጇን ልትታጠብ ስትሄድ የምስጋና እናት ወይዘሮ አበዛሽ ከሥራ ገባች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ፎሲል ነው፣ እማ።»

አጥንቱን ወደ መብራቱ አዞረችው። ሳቀች። «ሻርኩ በቢላ ነው እንዴ የሚበላው? ወጡ ሰርስሮ እንዲገባ ክንፉን ሦስት ቦታ የምሰነጥቀው እኔ ነኝ!»

«እማ፣ ፕሊስ፣ ቀስ በይ…»

ሲና እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች ተመለሰች። «አንቲ፣ አየሽው? ላይክ፣ ከሰው በፊት የነበረ ወፍ እኮ ነው!»

ወይዘሮ አበዛሽ ልጇን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጥንቱን ቀስ ብላ ጥጡ ላይ መለሰች። የሲናን ደብተር ገለጠች፤ መቶ ሁለት ዲግሪው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«እጅሽ ይባረክ» ብላ ወደ ላይ ወጣች።

የምስጋና ጆሮው ጋለ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ገመናውን ሸፍናለት ሄደች፤ እሱም የተሸፈነውን ይዞ እዚያው ቀረ።

«ነገ ስለ አጥንቱ አንተ ታወራለህ፣ ስለ አየሩ እኔ። ዲል?» አለች ሲና።

ምስጋና ነጭ ወረቀት ቀዶ «የጥንት ሻርክ ጥርስ» የሚለው ላይ ለጠፈ። ቀዩን ማርከር አንስቶ ጻፈበት፤ «የእናቴ ቢላ»።

ሲና አነበበች። ደግማ አነበበች። ደብተሯን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ሙሉውን ልንገርሽ» አላት።

ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምዬ የለ? አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። እናቱ ሳቀች ያልኳችሁ ጋ፣ አልሳቀችም።