የረዘመው ምልልስ

ሰዓት ሠሪው መርዕድ የእጅ ሰዓት አስሮ አያውቅም። ምነው ሲሉት፣ ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ከገበያ ይገዛል ወይ ይላቸዋል። የእጁን አንጓ ይዞ በልቡ ምት እየቆጠረ የስንቱን ቤት ሰዓት አስተካክሏል። አንዴማ ዘግይቶ የሚጮህ አውራ ዶሮ አርሟል ይባላል፤ አላምንም ያለ ዶሮውን ይጠይቅ።

ያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የቆመውን የከተማውን ግንብ ሰዓት ሊያስነሳ ወጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ ውብነሽ ትዳራለች፤ አባቷ ሳይመርቃት ደግሞ አታገባም። ዘበኛው ድሪባ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሥራውን ለሰኞ እንዲያቆየው ለመነው። መርዕድ ግን የአንድ ትንፋሽ ሥራ ናት አለና ወደ ጠባቡ ክፍል ዘለቀ፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደውን የሰዓቱን ተወዛዋዥ ብረት፣ ፔንዱለሙን አልፎ፣ ከጥጉ ቆሞ ገፋው።

ክፍሉ አሮጌ ዘይትና የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ብረቱ በእሱና በበሩ መካከል ሽው ብሎ ሄደ፣ ሽው ብሎ መጣ። ምልልሱን በልቡ ምት ቆጠረ፤ ሦስት። ደህና። ግን ማንም ሳይነካው ውዝዋዜው ሰፋ፤ እስከ ጣሪያው ጨለማ ድረስ እየገባ ይመለስ ጀመር። ፔንዱለም በጣም ሲሰፋ ምልልሱ እንደሚረዝም መርዕድ ከሥራው ያውቃል፤ አራት መሆን አለበት ብሎ አንጓውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሦስት። ደግሞ ሰፋ። አሁንም ሦስት።

«ድሪባ፣ ይሄ ብረት ደንቡን ረሳው እንዴ?»

የመጣለት መልስ እንደ ትንኝ የቀጠነ፣ የተጣደፈ ድምፅ ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ አልለየም። ከታች የሠርግ መኪኖች ጡሩምባ ጢጥ ብሎ አለቀ። በመስኮት የገባችው የፀሐይ ቁራጭ እንደ አይጥ ወለሉን ሮጣ፣ ግድግዳውን ወጥታ ጠፋች። ጨለመ፤ ነጋ፤ ጨለመ። ያኔ ገባው። ብረቱስ ደንቡን ጠብቆ ዘግይቷል፤ ልቡ ነው አብሮት የዘገየው።

ብረቱ ሽቅብ ሲወጣ መንገዱ ይከፈታል። ልለፍ ብሎ እግሩን አነሳ፤ እግሩ ወለሉን ሳይረግጥ ብረቱ ተመልሶ አፍንጫው ሥር አለፈ። በሚቀጥለው እሄዳለሁ አለ። ብረቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከጣሪያው ሥር ቀጥ ብሎ ሊቆም ጥቂት ቀረው። መርዕድ «አንድ» አለ፤ «ሁለት» ሊል አፉን ከፈተ።

የክፍሉ ደጃፍ ላይ ደግሞ፣ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ አሁን ከእሱ በሃያ ዓመት የምትበልጥ ሙሽራ ልጁ አንገቷን ደፍታ ምርቃቷን ትጠብቃለች።